ለቤት መከላከያ የተገዛ ሽጉጥ ላይ ለውጥ ማድረግ ይገባል ወይስ እንደተገዛ መተው ይሻላል?

ጥያቄ፦ ዳዊት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ)

ለተከበራችሁ ወገኖች ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። ባለፈው ዓመት በሰፈራችን ባለቤቶቹ ተኝተው ሳለ አንድ ቤት ተሰብሮ ከተዘረፈ በኋላ፣ እኔና ባለቤቴ ተመካክረን ቤታችን ውስጥ አንድ ሽጉጥ እንዲኖር ወሰንን። የሜሪላንድ ሕግ የሚጠይቀውን የብቃት ፈቃድ ለማግኘት የጣት አሻራ ሰጥቼና የአራት ሰዓቱን ሥልጠና ወስጄ፣ አምስተኛ ትውልድ ግሎክ 19 ገዛሁ። ሽጉጡ ከመኝታ ቤት ሣጥኑ የሚወጣው ወደ ተኩስ መለማመጃ ስሄድ ብቻ ነው። ታጥቄ የመንቀሳቀስ ፈቃድ የለኝም፤ የመጠየቅ ሐሳብም የለኝም።

በመለማመጃው የማገኛቸው ሰዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም በሽጉጣቸው ላይ አንድ ነገር ለውጠዋል። እኔም አራት ነገሮች አስቤአለሁ። አንደኛው ምላጩን በቀላል መተካት ነው፤ የፋብሪካው ምላጭ ስስበው ይከብደኛል፣ ጥይቶቼም ወደ ታችና ወደ ግራ ይሄዱብኛል። ሁለተኛው ከአፈሙዙ በታች መብራት መግጠም ነው። ሦስተኛው በጨለማ የሚታይ ማነጣጠሪያ ማስገባት ነው። አራተኛው ከስሜት የመነጨ ነው፤ በሽጉጡ የላይኛው ተንሸራታች ክፍል ላይ የይሁዳ አንበሳንና አንድ የመዝሙረ ዳዊት ጥቅስ ማስቀረጽ እፈልጋለሁ።

አንድ ወዳጄ ይህን ሲሰማ ደነገጠ፤ ሰው ላይ ብተኩስ እያንዳንዱ ለውጥ ፍርድ ቤት ቀርቦ በእኔ ላይ እንደሚመሰክር ነገረኝ። ሌላው ደግሞ መተኮስህ ትክክል ከሆነ ማንም ስለ ምላጭህ አይጠይቅም ይላል። ለመወሰን እንዲረዳችሁ ሁኔታዬን ልግለጽ፦ ባለቤቴ ነርስ በመሆኗ ከሥራ የምትመለሰው ሌሊት ነው፤ ትልቁ ልጄም ኮሌጅ ስለሚማር እኩለ ሌሊት ላይ የሚገባበት ቀን ብዙ ነው። የቤታችን የውስጥ ግድግዳዎች ከጂፕሰም የተሠሩ ናቸው። የምታውቁትን ብታካፍሉኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ተስፋዬ፣ ዳላስ (ቴክሳስ)

ወንድማችን ዳዊት፣ ጥያቄህን ሳትቸኩል በማቅረብህ አመሰግናለሁ። በተኩስ አሠልጣኝነት ስለምሠራ በፍርድ ቤቱ ጉዳይ ላይ ሳይሆን በመሣሪያው ላይ ላተኩር፤ ሕጉን የሚያውቁ ይመልሱልሃል ብዬ አምናለሁ።

ምላጩ ከብዶህ ጥይቶችህ ወደ ታችና ወደ ግራ መሄዳቸው በቀኝ እጃቸው በሚተኩሱ ብዙ ጀማሪዎች ላይ የሚታይ ነገር ነው። ምክንያቱ ቀላል ስሌት ነው፤ የግሎክ 19 የፋብሪካ ምላጭ እስኪለቅቅ ድረስ 5.5 ፓውንድ ያህል፣ ማለትም ወደ 2.5 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ኃይል ይፈልጋል፤ ጥይት የሌለበት ሽጉጥ ራሱ ግን 600 ግራም ገደማ ብቻ ይመዝናል። ጣትህ ሽጉጡ ከሚመዝነው አራት እጥፍ በሆነ ኃይል ሲጎትት ሌላው እጅህ በጽኑ ካልያዘው አፈሙዙ መዘንበሉ አይቀርም። ይህ የሚስተካከለው በአያያዝና በልምምድ ነው። ሽጉጡን ባዶ አድርገህ፣ ጥይቱን ከምትለማመድበት ክፍል ጨርሶ አውጥተህና በሽጉጡ ውስጥ ጥይት የሚገባበትን ጓዳ ሁለት ጊዜ ፈትሸህ፣ አስተማማኝ በሆነ አቅጣጫ ምላጩን ቀስ ብለህ ስትስብ የፊት ማነጣጠሪያው እንዳይነቃነቅ ደጋግመህ ተለማመድ። በየዕለቱ አሥር ደቂቃ ለዚህ የሰጠ ሰው ጥቂት ሳምንታት ሳይቆይ ለውጡን በወረቀቱ ላይ ያየዋል።

ቀላል ምላጭ ለውድድር ተኳሾች መልካም ነገር ነው፤ የሚተኩሱት በብርሃን፣ አስቀድመው በተዘጋጁበት ሰዓት፣ ወረቀት ወይም ብረት ላይ ነው። አንተ ሽጉጡን የምትይዘው ከእንቅልፍህ ተነሥተህ፣ ልብህ እየመታ፣ ምናልባት በሌላው እጅህ በር እየከፈትክ ወይም ሕፃን እየሳብክ ነው። ሰው ሲደነግጥ፣ ሚዛኑን ሲስት ወይም በአንድ እጁ አንድ ነገር አጥብቆ ሲይዝ ሌላው እጁም ሳያስበው ይጨበጣል። ጣት ከምላጩ ውጪ መቀመጥ እንዳለበት ሁሉም ያውቃል፤ በድንጋጤ ጊዜ ግን ይህን የሚረሱ የሠለጠኑ ሰዎችም አሉ። የፋብሪካው ክብደት ለዚያች ቅጽበት የተተወ ዕድል ነው።

ሌላም አለ። ግሎክ ብዙ ሽጉጦች ያላቸው በእጅ የሚዞር መጠበቂያ የለውም፤ ደኅንነቱ የተመሠረተው ሦስት የውስጥ መጠበቂያዎች አንዱ ከሌላው ጋር በትክክል ሲናበቡ ነው። አንዱ በምላጩ መሐል ያለው ትንሽ ምላስ ነው፣ ሁለተኛው ጥይቱን የሚመታውን መርፌ ይዞ የሚያቆም ነው፣ ሦስተኛው ሽጉጡ ቢወድቅ እንዳይተኩስ የሚከላከል ነው። ከሌላ አምራች የተገዛ ምላጭ ሲገባ፣ ወይም ሰው ክፍሎቹን ለማለስለስ ሲሞርዳቸው፣ የእነዚህ ክፍሎች መነካካት ሊቀንስ ይችላል። ምላጩን ለማቅለል የመርፌውን ሞላ በደካማ የሚተኩም አሉ፤ ያን ጊዜ መርፌው የጥይቱን መቀጣጠያ በበቂ ኃይል ሳይመታው ይቀርና ሽጉጡ በሚያስፈልግህ ሰዓት ቀጭ ብሎ ዝም ይላል።

ይህ ማለት የከበደ ሁሉ ይሻላል ማለት አይደለም። የኒውዮርክ ፖሊስ ለብዙ ዓመታት ባልደረቦቹን ወደ 12 ፓውንድ የሚጠጋ ምላጭ ባላቸው ሽጉጦች ያስታጥቅ ነበር፤ እንዲህ ዓይነቱ ምላጭ አልሞ መተኮስን በእጅጉ ያከብዳል፣ የሳተ ጥይት ደግሞ ሌላ ሰው ጋ ያርፋል። የፋብሪካው መጠን በሁለቱ መካከል ያለ ስለሆነ እዚያው ተወው እላለሁ።

መብራቱን በተመለከተ ግን ያለ ማመንታት ይሁን እላለሁ። በሌሊት ከሥራ የምትመለስ ባለቤትና አምሽቶ የሚገባ ልጅ ላለው ሰው ከሁሉም ለውጥ የሚበልጠው ይህ ነው፤ በጨለማ ውስጥ ያለን ጥላ ማንነት ሳያረጋግጥ የሚተኩስ ሰው ከሌባ ይልቅ የሚጎዳው ቤተሰቡን ነው። እንደ ስትሪምላይት ቲኤልአር-7 ያለ 500 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ) የሚሰጥ ትንሽ መብራት ለቤት ውስጥ ይበቃል። ነገር ግን ሦስት ነገሮች ልብ በል። በሽጉጥ ላይ በተገጠመ መብራት የምታየውን ሁሉ አፈሙዝ ደግነህበት ነው የምታየው፤ ስለዚህ ከአልጋህ አጠገብ የተለየ የእጅ ባትሪ አይጥፋ፣ መጀመሪያ የሚነሣውም እሱ ይሁን። መብራቱን የምታበራው በምትደግፍበት እጅ አውራ ጣት እንጂ በምላጭ ጣትህ እንዳይሆን አስቀድመህ ተለማመድ። ሦስተኛ፣ መብራት የተገጠመበት ሽጉጥ በቀድሞው አፎት አይገባም፤ ሰፋ ያለ ማንኛውንም አፎት የሚጠቀሙ አሉ፣ ይህም አደገኛ ነው፣ ምላጩን ሙሉ በሙሉ የማይሸፍን አፎት ውስጥ የልብስ ጫፍ ወይም ገመድ ገብቶ ሊስበው ይችላልና።

ማነጣጠሪያውን ለውጠው፤ ግሎክ ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣው የፕላስቲክ ማነጣጠሪያ ደካማ ነው። ትሪቲየም የሚባል ጋዝ ያለበት ማነጣጠሪያ ባትሪ ሳይፈልግ በጨለማ ያበራል፤ ኃይሉ ከ12 ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ ውስጥ በግማሽ ስለሚቀንስ ከዓመታት በኋላ መተካት ይኖርበታል።

መልስ፦ ሰላማዊት፣ አሌክሳንድሪያ (ቨርጂኒያ)

ጤና ይስጥልኝ አቶ ዳዊት። በሕግ ሙያ ላይ ያለሁ ብሆንም የምጽፈው ለጠቅላላ ግንዛቤ እንጂ ለእርስዎ የተለየ የሕግ ምክር አይደለም፤ በሜሪላንድ የሚሠራ ጠበቃ ማነጋገርዎ ተገቢ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ወዳጆችዎ ሁለቱም ከፊል እውነት ይዘዋል። መሣሪያው ተለውጦ ነበር ተብሎ ብቻ የሚፈረድበት ሰው የለም፤ ፍርዱ የሚያርፈው የመሞት ወይም ብርቱ የመቁሰል አደጋ በእርግጥ ተደቅኖብኛል ብለው ማመንዎ ምክንያታዊ በመሆኑ ላይ ነው። ቤትዎ ውስጥ ከሆኑ ሜሪላንድ ሽሽት አትጠይቅዎትም፤ ከቤት ውጪ ግን በደኅና መሸሽ የሚችል ሰው እንዲሸሽ ትጠብቃለች። ሆኖም ጁሪው፣ ማለትም ከሕዝብ ተመርጠው ጥፋተኛነትን የሚወስኑት ሰዎች፣ የሚያየው ሕጉን ብቻ አይደለም፤ ሰውየውንም ያያል፣ ዐቃቤ ሕግም ሰውየውን የሚያሳየው በእጁ በነበሩት ነገሮች ነው።

በ2004 በአሪዞና ጡረታ የወጣ አንድ መምህር በጫካ መንገድ ላይ እየሮጠ የመጣበትን ሰው ተኩሶ ገደለ። ሽጉጡ አልተለወጠም፤ ጥይቱም ከሱቅ የተገዛ፣ ጫፉ ባዶ የሆነና ሥጋ ውስጥ ሲገባ የሚከፈት ዓይነት ነበር። እንደዚያም ሆኖ ዐቃቤ ሕጉ ሽጉጡ ባለ 10 ሚሊ ሜትር ኃይለኛ መሆኑንና የጥይቱን ዓይነት በጁሪው ፊት አነሣበት። በ2006 ተፈረደበት፤ በ2009 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በሌሎች የሥነ ሥርዓት ስሕተቶች ምክንያት ፍርዱን ሻረው። እስከዚያ ግን ሰውየው በእስር ነበር። አንዳንዶች ይህን ጉዳይ ጠቅሰው ምንም ባትለውጥም አይቀርልህም ይላሉ። እኔ የምወስደው ትምህርት ሌላ ነው፤ ለጥይቱ ቀላል መልስ ነበረ፤ የአገሪቱ ፖሊሶች በብዛት የሚጠቀሙት ያንኑ ዓይነት ነው፣ ምክንያቱም ከታለመው ሰው አልፎ ግድግዳ በስቶ ሌላ ሰው የመምታት ዕድሉ ይቀንሳል። ለእርስዎ የጂፕሰም ግድግዳዎችም የሚመረጠው እሱ ነው።

ስለዚህ ለውጥ ሁሉ በአንድ ጥያቄ ይለካ፦ ሽጉጥ ነክቶ ለማያውቅ ሰው በአንድ ዐረፍተ ነገር ላስረዳው እችላለሁ ወይ? መብራት፦ ልጄን ከሌባ ለመለየት። ማነጣጠሪያ፦ ጥይቴ ወደማይገባው እንዳይሄድ። ለቀላል ምላጭ ግን ፋብሪካው ለደኅንነት የወሰነውን ክብደት ለምን እንደቀነሱ መልስ ሲፈልጉ በቀላል የሚሰማ አያገኙም።

አሁን ወደ ጽሑፉ ልመለስ። ጠመንጃን ማስጌጥ፣ ሰደፉን ቆዳ ማልበስ በአባቶቻችን ዘንድ የክብር ልማድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ስሜትዎን አከብራለሁ። ግን በ2016 በሜሳ፣ አሪዞና አንድ ፖሊስ በሆቴል ኮሪደር ላይ መሣሪያ ያልያዘ ሰው ሲገድል፣ በጠመንጃው ክዳን ላይ የተቀረጸ የስድብ ቃል ነበረበት። ዳኛው ጽሑፉ ጁሪው ፊት እንዳይቀርብ ከለከሉ፤ ፖሊሱም በ2017 ነፃ ተባለ። ቃሉ ግን በየጋዜጣው ወጥቶ የሰውየው መታወቂያ ሆኖ ቀርቷል። የእርስዎ ጥቅስ ከዚያ ጋር የሚነጻጸር አይደለም፤ ይሁን እንጂ ስለ ጠላት መውደቅ የሚናገር መዝሙር በትርጉም ለጁሪ ሲነበብ እንዴት እንደሚሰማ ያስቡት፤ ዳኛው እንደ አሪዞናው ይከለክላሉ ብሎ መተማመንም አይቻልም። አንበሳውንና ጥቅሱን በቤትዎ ግድግዳ ላይ ይስቀሉት።

በተጨማሪ ከኢንተርኔት ዕቃ ሲያዙ ይጠንቀቁ። ከ10 ጥይት በላይ የሚይዝ ካዝና በሜሪላንድ ውስጥ መሥራት፣ መሸጥም ሆነ መግዛት የተከለከለ ነው። ስዊች የሚባለውና ግሎክን እንደ መትረየስ የሚያደርገው ትንሽ ብረት ብቻውን በፌዴራል ሕግ እንደ መትረየስ ይቆጠራል፤ ይዞ መገኘት እስከ 10 ዓመት ያሳስራል።

መልስ፦ አብርሃም፣ ዴንቨር (ኮሎራዶ)

እህታችን ሰላማዊትን እያከበርኩ በአንድ ነገር አልስማማም። ምላጩ ስለቀለለ ብቻ ትክክለኛ ራስን መከላከል ወደ ወንጀል የተለወጠበትን ጉዳይ ማንም ሲጠቅስ አልሰማሁም። ሰው ሆን ብዬ ተኮስሁ፣ ሕይወቴን ለማዳን ተኮስሁ ካለ ምላጩ 3 ፓውንድ ሆነ 6 ፓውንድ ምን ይለውጣል? ከዚህም ሌላ አልሞ የመታ ሰው ከሳተ ሰው የተሻለ ኃላፊነት የሚሰማው ነው። ቀለል ያለ ምላጭ በትክክል ለመምታት የሚረዳው ከሆነ ያው የደኅንነት ጉዳይ ነው፤ አምራቾቹም ራሳቸው ልዩ ልዩ ክብደት ያላቸው ሽጉጦች ይሸጣሉ።

መልስ፦ ሰላማዊት፣ አሌክሳንድሪያ (ቨርጂኒያ)

አቶ አብርሃም፣ ያነሡት ነጥብ ጠንካራ ስለሆነ ሙሉ መልስ ይገባዋል። ምላጩ የሚያመጣው አደጋ ሆን ብለው የተኮሱትን ወንጀል ያደርገዋል የሚል አይደለም። አደጋው ከሳሽ ሆን ብለህ አልተኮስህም ብሎ እንዲነሣ በር መክፈቱ ነው። ሆን ብሎ መግደልን ማስረዳት ከባድ ነው፤ ፈራ፣ እጁ ተንቀጠቀጠ፣ ምላጩም ቀላል ስለነበር ሳይወስን ተኮሰ ብሎ በቸልተኝነት መግደልን ማስረዳት ግን ይቀላል። ራስን መከላከል ደግሞ አውቆ ለተደረገ ተግባር የሚቀርብ መከላከያ ስለሆነ፣ ሳይታወቀው አምልጦ ነው የተባለን ጥይት አይሸፍንም።

ይህ የክርክር መንገድ አዲስ አይደለም። በ1982 መጨረሻ በማያሚ ኦቨርታውን ሰፈር፣ በአንድ የቪዲዮ ጨዋታ ቤት ውስጥ አንድ ፖሊስ አንድ ወጣት ተኩሶ ገደለ፤ ከተማዋም ታወከች። ፖሊሱ የተከሰሰው በቸልተኝነት ነው፤ ክርክሩም ከፊሉ የሪቮልቨር ሽጉጡ መዶሻ ቀድሞ ተስቦ፣ ምላጩ በትንሽ ንክኪ የሚለቅቅ ሆኖ ነበር ወይስ አልነበረም በሚለው ላይ ዞረ። እሱ ግን ወጣቱ መሣሪያ ሊያወጣ ነው ብዬ አስቤ ሆን ብዬ ተኮስሁ አለ፤ በ1984 ነፃ ወጣ። ነፃ እስኪወጣ ድረስ ግን ስለ መሣሪያው አሠራር ባለሙያ ጠርቶ መከራከር ነበረበት፤ ይህ ወጪ በዛሬው ጊዜ የአንድን ቤተሰብ ቤት ሊያሸጥ ይችላል።

የፍትሐ ብሔሩ ጉዳይ ደግሞ ከዚህ የባሰ ይመስለኛል። የቤት ኢንሹራንስ ውሎች በአብዛኛው ሆን ተብሎ ለደረሰ ጉዳት አይከፍሉም፤ በቸልተኝነት ለደረሰ ግን ሊከፍሉ ይችላሉ። ስለዚህ የሟች ወይም የቆሰለ ሰው ጠበቃ ክፍያ የሚገኝበትን መንገድ ሲፈልግ፣ በራሱ ጥቅም ተኩሱ በስሕተት ያመለጠ ነው ወደሚል ክስ ያዘነብላል። የተለወጠ ምላጭ ለዚህ ክስ የተዘጋጀ ማስረጃ ነው። አምራቹ ለውድድር ብሎ የሸጠው ሽጉጥ ቢሆን እንኳ በማስታወቂያው ላይ ለውድድር መባሉ ይነበባል።

መልስ፦ ብርቱካን፣ አትላንታ (ጆርጂያ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እኔ በነዳጅ ማደያ ሱቅ ውስጥ በሌሊት እሠራለሁ፤ እጄም ትንሽ ነው። ሰው ሁሉ ስለ ምላጩ ሲናገር እሰማለሁ፤ የእኔ ችግር ግን ምላጩ ጋ ሳይሆን እጀታው ጋ ነበር። እጀታው ስለሚሰፋብኝ ጣቴ ምላጩን በጫፉ ብቻ ነበር የሚነካው፤ በጣት ጫፍ ሲሳብ ደግሞ ሽጉጡ ወደ ጎን ይገፋል። አቶ ዳዊት እንደገዙት ያለው አምስተኛ ትውልድ ግሎክ ከሣጥኑ ውስጥ ለእጀታው ጀርባ የሚገጠሙ ልዩ ልዩ መጠን ያላቸው ክፍሎች ይዞ ነው የሚመጣው፤ ብዙ ሰው አያያቸውም። ምንም ሳይገጠምበት ሲቀር እጀታው ከሁሉም ይጠብባል። ሽጉጡን ባዶ አድርገው ይያዙት፤ የመጀመሪያው የጣት አጥንት መሐል ምላጩ ላይ ያርፍ እንደሆነ ይመልከቱ፤ ከበለጠ ወይም ከቀረ መጠኑን ይቀይሩ። ይህ ራሱ አምራቹ የሰጠው ስለሆነ የእህቴን የሰላማዊትን ጥያቄም ያልፋል። የሚንሸራተት እጅ ላላቸው ደግሞ በእጀታው ላይ የሚለጠፍ ሻካራ ጎማ አለ፤ ላብ ላለበት እጅ ይጠቅማል።

አንድ ነገር ልጨምር። ቤት ውስጥ ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች እንዳሉ ወይም እንደሌሉ አልጻፉም። ካሉ፣ በሜሪላንድ ከ2023 ጀምሮ የጸናው ሕግ መሣሪያን ልጅ ሊደርስበት በሚችል ቦታ መተውን ያስጠይቃል። ለኮሌጁ ልጅም ቢሆን ቁጥሩን አይንገሩት እላለሁ፤ በዚህ አገር በመሣሪያ ከሚሞቱት ከግማሽ በላይ የሆኑት ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው፣ የወጣትን ልብ ደግሞ ማንም ከውጭ አያነበውም። ለለውጥ ያሰቡትን ገንዘብ አስቀድመው ለጥሩ ሣጥን ያውሉት፤ መብራቱ ከተገጠመ በኋላም ሽጉጡ እዚያው ሣጥን ውስጥ መግባቱን ሳይገዙ ይለኩ።

ምላሽ፦ ዳዊት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ)

ለሁላችሁም ከልብ የመነጨ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ትንሿ ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ሣጥኑ በቁጥር የሚከፈት ሲሆን ቁጥሩን የምናውቀው እኔና እናቷ ብቻ ነን። የእጀታውን ክፍሎች ሽጉጡ ከፋብሪካ ከመጣበት ሣጥን አውጥቼ አየኋቸው፤ ከፋብሪካ የተገጠመ የለም፣ መካከለኛውን ስሞክረው ጣቴ ወይዘሮ ብርቱካን ባሉት ቦታ ላይ አረፈ። ምላጩን እተወዋለሁ፤ ጽሑፉንም እተወዋለሁ። መብራቱንና ማነጣጠሪያውን አስገጥማለሁ። የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ እነዚህን ካስገጠምሁ በኋላ ሽጉጡን መቼ ልተማመንበት እችላለሁ?

መልስ፦ ተስፋዬ፣ ዳላስ (ቴክሳስ)

ማነጣጠሪያውን ሙያ ያለው ሰው ይግጠመው፤ በመዶሻ የሚገፉት ሰዎች የላይኛውን ክፍል ይቧጭሩታል፣ ማነጣጠሪያውም ትንሽ ከመሐል ከወጣ ጥይቱ ይስታል። ከዚያ በ7 ሜትርና በ15 ሜትር ርቀት ተኩሰህ ጥይቱ የት እንደሚያርፍ ተመልከት። መብራቱ ተገጥሞ ሳለ ቢያንስ 200 ጥይት ያለ አንዳች መሰናክል ይተኩስ፤ ከዚህም ውስጥ ሁለት ካዝና ያህሉ ቤት ውስጥ የምታስቀምጠው ያው ጫፉ ባዶ የሆነው ጥይት ይሁን፤ ልምምድ ላይ የሚተኮሰው ርካሽ ጥይት ሁልጊዜ እንደ እሱ አይጎርስም። መሰናክል ካጋጠመህ ምክንያቱን ካገኘህ በኋላ ቆጠራውን እንደገና ጀምር። ከመብራቱ መስታወት ላይ የሚሰበሰበውን ጥላሸት ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ ጥረገው፤ ባትሪውንም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ቀይረው። አውልቀህ የምታስቀምጠውን የፋብሪካ ማነጣጠሪያና ያስገጠምህበትን ደረሰኝ አትጣል።